ቺፑ እስኪመጣ ድራይቨሩ አይጠብቅ

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ የብዙ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪዎች ሴሚስተር የሚያልቀው በመሥራት ሳይሆን በመጠበቅ ነው። ከውጭ የታዘዘው ሴንሰር እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ደርሶም በተሳሳተ ሽቦ ከተቃጠለ ሌላ ይታዘዛል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቺፑን የሚያነጋግርበት ፕሮግራም፣ የሚጻፈው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እየተሯሯጡ ነው።

ይህ ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከሊነክስ ከርነል ጋር የሚመጣ «አይ-ቱ-ሲ ስተብ» የሚባል ድራይቨር አለ። ሥራው ቺፕ መስሎ መቅረብ ነው። አድራሻ ስትሰጡት በዚያ አድራሻ ላይ ቺፕ ያለ ይመስል መልስ ይሰጣል። የጻፋችሁበትን ይይዛል፣ ስትጠይቁት ያንኑ ይመልሳል። ሌላ ብልሃት የለውም። ቦርድም ሽቦም አይፈልግም፤ ሊነክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ኤልኤም75 የተባለውን የታወቀ የሙቀት ሴንሰር እንውሰድ። ሙቀቱን በ9 ቢት፣ በግማሽ ዲግሪ ልዩነት ይናገራል። ተማሪው የምልክቱን ቢት ከዘነጋ፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሆነው 231 ሆኖ ይነበብለታል። ይህን ስህተት በእውነተኛው ቺፕ ለመያዝ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ከየት ይመጣል? የካፌው ፍሪጅ እንኳ እዚያ አያደርሰንም። በስተቡ ግን የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

አንዳንድ መምህራን «ይህማ ማስመሰል ነው» ይላሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ስተቡ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው። ኤልኤም75 ከፍተኛውን ባይት ያስቀድማል፤ የኤስኤምባስ ደንብ ግን መጀመሪያ የሚመጣውን ባይት ዝቅተኛ አድርጎ ይወስዳል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ቁጥሩን ገልብጦ ስተቡ ውስጥ ይጽፋል፣ በድራይቨሩም ገልብጦ ያነባል፤ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ሁሉም ትክክል ይመስላል። እውነተኛው ቺፕ ሲገጠም ግን 25 ዲግሪው 0 ይሆናል። ደግሞም የስተቡ ሬጂስተር በራሱ ስለማይለወጥ፣ ለውጥ የሚጠብቅ ድራይቨር እጃችን እስኪነካለት ድረስ ተገትሮ ይቀራል። የኃይል መቆራረጥንና የላላ ሽቦንማ ጨርሶ አያሳይም።

ለባይቱ ችግር መፍትሔ አለ። እውነተኛ ቺፕ ያለው አንድ ሰው ሬጂስተሮቹን በ«አይ-ቱ-ሲ ዳምፕ» አንብቦ በፋይል ያስቀምጣል። ያንን ፋይል ስተቡ ላይ የሚጭን ትንሽ ፕሮግራም ከ«አይ-ቱ-ሲ ቱልስ» ጋር ይገኛል። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል፤ አንድ ቺፕ ለባቹ በሙሉ ሆነ ማለት ነው።

ማታለል የሚመጣው በስተብ ተፈትኖ «በሴንሰር ተፈትኗል» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የትኛው ሙከራ በምን እንደተሠራ ለይተን እንጻፍ፤ ዲፓርትመንቶችም የስተቡን ሙከራ የሥራው አንድ ምዕራፍ አድርገው ነጥብ ቢሰጡት ተማሪው የሚደብቀው ነገር አይኖረውም።

ዘንድሮ የምትመረቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሴንሰሮቻችሁን ወደ ስቶር ከመመለሳችሁ በፊት ዳምፑን ውሰዱ፤ ከቺፑ ስምና አድራሻ ጋር ለታናናሾቻችሁ ላኩላቸው።