ብስክሌት ለጤና፤ መንገድ ለብስክሌት

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ጀምሮዎት ሐኪም ዘንድ ከቀረቡ፣ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን አንድ ምክር ሳይሰሙ አይመለሱም፤ ‹‹የአካል እንቅስቃሴ ያድርጉ›› የሚል። ምክሩ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ነገር ግን ጠዋት 12 ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ለሚመለስ ሠራተኛ ይህ ጊዜ ከየት ይመጣል? ለብዙዎች ጂም መግባት በገንዘብም በሰዓትም የሚቻል አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ እኔ ያለኝ መልስ ብስክሌት ነው። ከቤትዎ እስከ ሥራ ቦታዎ በብስክሌት 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ደርሶ መልሱ በቀን 30 ደቂቃ፣ በአምስት የሥራ ቀናት ደግሞ 150 ደቂቃ ይሆናል። የሳምንቱ እንቅስቃሴ ከተለመደው የጉዞ ሰዓት ላይ ተገኘ ማለት ነው።

እኔም ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው በሐኪምነቴ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ተጠቃሚነቴም ጭምር ነው። የብስክሌተኛ ደኅንነት ሦስት ባለቤቶች አሉት፤ ብስክሌቱን የያዘው፣ መኪናውን የሚያሽከረክረውና መንገዱን የሚሠራው። አንዱ ድርሻውን ካልተወጣ የሌሎቹ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። በእኛ ዘንድ ግን ምክሩም ወቀሳውም የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው።

ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም

ብስክሌት መንዳት ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፤ የደም ግፊትን ዝቅ ለማድረግ፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለመቆጣጠርና ክብደት ለመቀነስ ያግዛል። የሰውነት ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ፣ ሩጫ ጉልበታቸውን ለሚያሳምማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የተሻለ አማራጭ ነው።

‹‹አዲስ አበባ ዳገት ናት›› የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩም ስስ ነው። ሆኖም ልኩን ማወቅ ይቻላል። እየነዱ ከሰው ጋር ማውራት ከቻሉ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው፤ ቃላት ከተቆራረጡብዎት ግን ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ዳገት ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት አያሳፍርም፤ እሱም እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ይጀምሩ።

ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር ያለባቸውም አሉ። ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚወጋቸው ወይም ራሳቸውን የሚያዞራቸው፣ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ እንዲሁም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በቅድሚያ ይመርመሩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ደግሞ ስኳራቸው በመንገድ ላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሳቸው አይጥፋ።

አየር፣ ፍሬን፣ ካቴና

የብስክሌት ጥገና የጎሚስታው ሥራ ብቻ አይደለም። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስደው ሦስት ነገሮችን ይፈትሹ።

አንደኛ አየር ነው። አየሩ ያነሰው ጎማ ጉልበትዎን ይጨርሳል፤ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል፤ ጉድጓድ ሲያገኝም በቀላሉ ይቀደዳል። የሚበቃው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ሁለተኛ ፍሬን ነው። የፊቱንም የኋላውንም በየተራ ጨብጠው ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉ። የፊተኛው ሲያዝ የፊቱ ጎማ፣ የኋለኛው ሲያዝ የኋላው ጎማ መሽከርከሩን ማቆም አለበት። የፍሬኑ ጎማ ካለቀ፣ ወይም ሽቦው ከተበጣጠሰ ሳይቀየር አይውጡ። ሦስተኛ ካቴናው ነው። የዛገና የላላ ካቴና ዳገት ላይ ሲረግጡት ሊወልቅ ወይም ሊበጠስ ይችላል፤ ያኔ ሚዛንዎን ስተው ከኋላዎ በሚመጣ መኪና ፊት ይወድቃሉ። በጨርቅ ጠርገው ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርጉበት።

ፍሬን በተለይ በክረምት ይታሰብበት። ዝናብ ሲጥል ቸርኬው ስለሚረጥብ ብስክሌቱ ለመቆም ከወትሮው ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ሲወርዱ ገና ከጅምሩ ፍጥነትዎን ይያዙ። ሁለቱንም ፍሬን በአንድነት፣ ቀስ በቀስ ይጠቀሙ። የፊቱን ብቻ በድንገት መያዝ በራስ ላይ ተሽከርክሮ መውደቅን ያስከትላል።

ኮርቻውም የጤና ጉዳይ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ጥቂት ብቻ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው በጣም ዝቅ ካለ ከጉልበት ፊት ለፊት፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ከጉልበት በስተጀርባ ሕመም ይሰማል። እጅዎ የሚደነዝዝ ከሆነ የሰውነትዎ ክብደት መዳፍዎ ላይ በዝቷል ማለት ነው። ማስታገሻ ከመግዛትዎ በፊት ኮርቻውንና መሪውን ያስተካክሉ።

መንገድ ላይ

የትራፊኩን አቅጣጫ ተከትለው በቀኝ በኩል ይንዱ፤ ከመኪና ጋር ፊት ለፊት መምጣት ለማንም አይበጅም። ‹‹ወራጅ አለ!›› ሲባል ሚኒባሱ ወደ ቀኝ መጠጋቱ፣ በሩም ወደ እርስዎ በኩል መከፈቱ አይቀርም። ስለዚህ በቆሙና ሊቆሙ በተቃረቡ ታክሲዎች ጎን ሲያልፉ ቢያንስ በሩ የሚከፈትበትን ያህል ይራቁ። ካልተቻለ ቆመው ያሳልፉ። በገልባጭና በአውቶቡስ ቀኝ ጎን ተጠግተው መታጠፊያ ላይ በፍጹም አይቁሙ፤ ሾፌሩ ላያይዎት ይችላል። ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያብሩ፤ የሚያንጸባርቅ ልብስም ይልበሱ። የጆሮ ማዳመጫውን ለቤት ይተዉት።

ሄልሜት ያድርጉ። ጭንቅላት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሄልሜት የሚሠራው ከወደቁ በኋላ ነው፤ ግጭቱን አያስቀርም። አንድ ብስክሌተኛ ተገጭቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹‹ሄልሜት አድርጎ ነበር?›› የሚለው ነው። መኪናው በምን ፍጥነት ይመጣ ነበር፣ ቦታው ላይ የብስክሌት መስመር ነበረ ወይ የሚለውን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ሁለቱም ጥያቄዎች እኩል ሊነሱ ይገባል።

አደጋ ደርሶ ካዩ ተጎጂውን አፍሰው ታክሲ ውስጥ ለማስገባት አይቸኩሉ፤ አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ አያያዙ ጉዳቱን ያብሰዋል። ሌላ መኪና እንዳይመጣበት መንገዱን ያስጠብቁ፤ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። ጭንቅላቱ ተመትቶ የተነሳ ሰው ‹‹ደኅና ነኝ›› ቢልም ይከታተሉት። ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የንግግር መዘባረቅ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

የአሽከርካሪው ድርሻ

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሾፌሩ ስልኩን ለሦስት ሴኮንድ ቢያይ መንገዱን ሳያይ ከ40 ሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው የሚሸከመው የመምታት ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ እንደሚጨምር ያስረዳል። የሰው አጥንት ይህን የሚቋቋምበት ልክ አለው። እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚጋሩት የከተማ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወሰን እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና መብዛቱ ለአየራችን መልካም ነው፤ ጭስ የለውምና። ሰው ሲገጭ ግን ክብደቱም ፍጥነቱም እንደማንኛውም መኪና ነው። ድምፁም ዝቅተኛ ስለሆነ ብስክሌተኛው ከኋላው መምጣቱን ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ አሽከርካሪው ብስክሌተኛን ሲቀድም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ቢለቅ፣ ከቆመ መኪና ሲወርድም በሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ቢመለከት ነፍስ ያተርፋል።

ጉዳዩ የፖለቲካም ነው

‹‹ብስክሌትና ፖለቲካን ምን አገናኛቸው?›› የሚል አይጠፋም። ፖለቲካ የሕዝብን ሀብት ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ መወሰን ከሆነ፣ የመንገድ ስፋትም የሕዝብ ሀብት ነው። ለመኪና ስንት ሜትር፣ ለእግረኛ ስንት ሜትር፣ ለብስክሌት ስንት ሜትር የሚለው ውሳኔ በቢሮ ይወሰናል፤ ውጤቱ ግን የሚታየው በድንገተኛ ክፍል ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ኔዘርላንድስም እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም ብቻ ከ3ሺህ በላይ ሰዎች በመንገዶቿ ላይ ሞተዋል፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የነዳጅ ቀውስ ተጨመረበት፤ መንግሥትም መንገዱን ለብስክሌት መክፈል ጀመረ። ለውጡን ያመጣው ሄልሜት ሳይሆን የመንገድ ፖሊሲ ነው።

በእኛም አገር ጅምሩ አለ። በኅዳር 2011 ዓ.ም ‹‹መንገድ ለሰው›› በሚል መንገዶች ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ ሆነው ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌቱ ሲንሸራሸርባቸው አይተናል። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ሌሎች ከተሞች የተሻገረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የተለየ የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። ሜዳማ በሆኑት ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት ከጥንትም የሠራተኛና የተማሪ መጓጓዣ ነው። ይህ ሁሉ ሊመሰገን ይገባል።

ነገር ግን መስመር ማስመር ብቻውን ደኅንነት አይሆንም። ተሽከርካሪ የቆመበት የብስክሌት መስመር ብስክሌተኛውን በድንገት ወደ መኪናው መሐል ይገፋዋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ መስመርም እንዲሁ፤ አደጋው የሚያይለው መስቀለኛው ላይ ነውና። ‹‹ብስክሌተኛው ጥቂት ነው፣ መስመሩ ባዶውን ይውላል›› የሚለው ክርክርም አያሳምንም። ቧንቧ ሳይገባለት የኖረን ሰፈር ‹‹ውሃ የሚቀዳ የለም›› እንደማለት ነው። ሰው የሚወጣው ከቤቱ እስከ መድረሻው ሳይቋረጥ የሚያደርሰው መስመር ሲያገኝ ነው። እናት ልጇን በብስክሌት ትምህርት ቤት ለመላክ የማትደፍርበት መንገድ ገና አልተጠናቀቀም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እላለሁ። የመጀመሪያው፣ የብስክሌት መስመር ላይ መኪና ማቆም እንደማንኛውም የትራፊክ ጥፋት በተከታታይ ይቀጣ። ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ለመኪና ማቆሚያ እንደሚያዘጋጁት ሁሉ ብስክሌት ታስሮ የሚውልበት፣ ጥበቃ ያለው ቦታ ያዘጋጁ። ሦስተኛው ወደ ሙያዬ ይቀርባል። በሕክምና ካርድ ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው ስብራቱና ቁስሉ ነው። አደጋው የት መንገድ ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደደረሰ ቢመዘገብ፣ ጤና ተቋማት፣ ትራፊክ ፖሊስና የመንገድ መሥሪያ ቤቶችም መረጃውን ቢለዋወጡ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል። በሽታ የሚነሳበት ውሃ ሲታወቅ ምንጩ እንደሚታከም ሁሉ አደጋ የሚበዛበት መታጠፊያም መታከም ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› እንዲሉ፣ ነገ ጠዋት ብስክሌትዎን ከማውጣትዎ በፊት አየሩን፣ ፍሬኑንና ካቴናውን ይፈትሹ። ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው። መኪና የሚያሽከረክሩ ከሆነ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። በሰፈርዎ የተዘጋ ወይም የተቋረጠ የብስክሌት መስመር ካለ ደግሞ ለወረዳዎ ያመልክቱ፤ በሕዝብ ውይይት ላይም ያንሱት። ሐኪም ‹‹ይንቀሳቀሱ›› ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ሰው ተንቀሳቅሶ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ግን መንገዱም መታዘዝ አለበት።