ዲስክም መዝገብ ነው

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሠራተኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ሲያረጅ መጋዘን ይገባና ኮሚቴ አይቶት በጨረታ ይሸጣል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ በአሶሳም ይኸው ነው። ወንበሩ፣ ጎማውና ኮምፒውተሩ በአንድ በር ይወጣሉ። ቅጹ መለያ ቁጥርን፣ ብዛትንና ዋጋን ይጠይቃል፤ ዲስኩ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ ዐምድ ግን የለውም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወንበር ሲሸጥ የሚሄደው ወንበር ብቻ ነው፤ ዲስክ ሲሸጥ መዝገብ ቤቱ አብሮ ይሄዳል።

«ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ» የሚል ሠራተኛ አይዋሽም፤ ተታሎ ነው። ፋይል ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚሰርዘው የፋይሉን አድራሻ ነው፤ ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት በቦታው ይቆያል፣ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌርም ይመለሳል። ሁለት የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገለገሉ 158 ዲስኮች ገዝተው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ ከሚሠሩት 129 ውስጥ በሚገባ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ሀብትም ከዚህ አያድንም። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ የፋይናንስ ድርጅት አሮጌ መሣሪያዎቹን ሙያው ለሌለው አጓጓዥ አስረክቦ፣ የደንበኞች መረጃ ያለባቸው ዲስኮች በኢንተርኔት ጨረታ ስለተሸጡ እ.ኤ.አ. በ2022 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በድንበር ከተማዋ ኩርሙክ በኩል ስደተኞች ገብተዋል፤ ሸርቆሌና ባምባሲ ከዚያም በፊት መጠለያ ነበሩ። በክልሉ መተከል ዞን ግጭት የተፈናቀሉትም በየስማቸው ተመዝግበዋል። ይህ ዝርዝር ለእርዳታ አዳዩ የስንዴ መስፈሪያ ነው፤ ስደተኛውን ለሚያሳድደው ሰው ግን የአድራሻ ደብተር ይሆንለታል። የጤና ጣቢያው የታካሚዎች መዝገብና የወርቅ ነጋዴው ሒሳብም በተመሳሳይ ዲስኮች ላይ ነው ያሉት።

ሕግ የለም አይባልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ አካል ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 ደግሞ የአሮጌ መሣሪያ አወጋገድን ይመለከታል። አንዱ ስለ መረጃው፣ ሌላው ስለ ብረቱ ይናገራል። የሚገናኙት አሮጌው ኮምፒውተር አቧራ ለብሶ በተቀመጠበት መጋዘን ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያው ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መረጃው አሶሳ ላይ ይጥፋ፣ ብረቱ ከዚያ በኋላ ይጓዝ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መፍቻው ጣቢያ ያለው አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ነው፤ ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያልጸዳ ዲስክ በዚህ ሁሉ መንገድ ማጓጓዝ መዝገብ ቤትን ሳይቆልፉ ጭነው እንደ መላክ ነው።

ማጽዳቱ ውድ ማሽን አይጠይቅም። በሕግ መቆየት ያለበት ሰነድ መጀመሪያ ይገለበጣል። የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በዜሮ ቢጻፍበት ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት በቂ ነው። የማይሠራው ይፈታና ውስጡ ያሉት ሳህኖች በመሰርሰሪያና በመዶሻ ይሰባበራሉ። ኤስ.ኤስ.ዲ. እና ፍላሽን ግን ሃርድ ዲስክን የሚያጠፋው ኃይለኛ ማግኔት አይነካቸውም፤ በላያቸው መጻፍም ሁሉንም ክፍላቸውን ላያዳርስ ይችላል። ለኤስ.ኤስ.ዲ. አምራቹ ያዘጋጀውን ማጥፊያ መጠቀም፣ ይህ ካልተቻለ ቺፖቹን አንድ በአንድ መስበር ያስፈልጋል። ማቃጠል አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

«ድሃ አገር የሚሠራ ዕቃ እንዴት ይሰባብራል?» ለሚል ሰው ሥጋቱ ይገባኛል። በደንብ የጸዳ ዲስክ ከነኮምፒውተሩ ለትምህርት ቤት ይሰጥ። የተሰበረውም ቢሆን መረጃውን እንጂ አሉሚኒየሙን አያጣም። ቤኒሻንጉል ወርቅ የሚታጠብበት ምድር ነውና ይህን ልብ ይሏል፦ ከአንድ ቶን የኮምፒውተር ቦርድ የሚወጣው ወርቅ ከአንድ ቶን የማዕድን ድንጋይ ከሚወጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቆራሌው ግን በኪሎ መዝኖ ይገዛል፤ የሸጥንለት ዲስክ ውስጥ ላለው ስም ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ስለዚህ በማስወገጃው ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ ዐምድ ይጨመር፦ የዲስኩ ቁጥር፣ የጸዳበት መንገድ፣ የሁለት ሰዎች ፊርማ። ዐምዱ ባዶ የሆነ ኮምፒውተር ከግቢ አይውጣ። ድንበር ተሻግራ የልጆቿን ስም ያስመዘገበች እናት ስሙን የሰጠችን በአደራ ነው። አደራ ደግሞ ማስቀመጫው ስላረጀ አይሻርም።