«እማዬ፣ ባሏ ለምን አብሯት አልሄደም?»

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው በቤት ውስጥ ስላለው ኑሮ ነው። ዛሬ ግን ከቤት ልናስወጣችሁ ነው።

ባለፈው የፀደይ ወራት አንድ ቅዳሜ ነበር። እኔና ባለቤቴ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን በወጉ ከተነጋገርን ወራት አልፈውን ነበር። ተጣልተን አይደለም። እርሱ ሌሊት ይሠራል፣ እኔ ቀን እሠራለሁ፤ የሚያገናኘን ማቀዝቀዣው ላይ የምንለጥፋት ወረቀት ነበረች። በዚህ መሐል እርሱ በሌላ ስቴት የተሻለ ሥራ አገኘ። «እኔ ልቅደም፣ እናንተ ትከተላላችሁ» አለ። እኔም «የትም አልሄድም» ብዬ ዘጋሁት። ለአሠሪዎቹ መልስ የሚሰጠው ሰኞ ነው።

ልጃችን ግን ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ የሐሪየት ተብማንን አገር ማየት ነበረባት። እንጀራ ፍርፍር በዕቃ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘን ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሣን። የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ተሻግረን በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሁለት ሰዓት ያህል ስንነዳ እኔና እርሱ የተለዋወጥነው ስለ መንገዱ ብቻ ነበር።

ቦታው ምንድን ነው?

የሐሪየት ተብማን አንደርግራውንድ ሬይልሮድ ስቴት ፓርክ በዶርቸስተር ካውንቲ፣ ቸርች ክሪክ በተባለ ቦታ ይገኛል። ስፋቱ 17 ኤከር ብቻ ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን መግቢያው ነጻ ነው። «አንደርግራውንድ ሬይልሮድ» የተባለው እውነተኛ ባቡር አይደለም። ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችን ከቤት ቤት እያሳለፉ ወደ ሰሜን የሚያደርሱ ሰዎች የምስጢር መረብ ነው።

ሐሪየት በዚሁ ካውንቲ በ1822 ገደማ በባርነት ተወለደች። ሦስት እኅቶቿ ወደ ደቡብ ተሸጡ። በ1849 አምልጣ ወጣች። ነጻ ከወጣች በኋላ ግን አርፋ አልተቀመጠችም። 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን አወጣች፤ አብዛኞቹ ቤተሰቦቿና ወዳጆቿ ነበሩ። ማንበብ አትችልም ነበር። እናቷ የነገረቻትን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ግን በልቧ ይዛ ነበር። ሰዎችም «ሙሴ» ብለው ጠሯት።

ስትሄዱ ምን ታደርጋላችሁ?

*አስቀድማችሁ አንብቡ።* ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት በቤተሰብ ጸሎታችሁ ላይ ከኦሪት ዘጸአት ጥቂት ምዕራፎችን አንብቡ። ልጆች «ሙሴ» መባሏ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው። ማዕከሉ የሚከፈትባቸውን ቀናትም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

*በማዕከሉ አትቸኩሉ።* ኤግዚቢሽኑ ልጅነቷን፣ ቤተሰቧን፣ እምነቷንና የማምለጫ ጉዞዎቿን ያሳያል። ከውጭ ስትወጡ ወደ ሰሜን ቁሙና ተመልከቱ። ሕንፃዎቹ የተሠሩት የሰሜኑ እይታ እንዲከፈት ሆኖ ነው፤ ነጻነት ያለው በዚያ በኩል ነበርና።

*ወደ ቡክታውን ንዱ።* ከፓርኩ ብዙም የማይርቅ አሮጌ የመንደር ሱቅ አለ። ሐሪየት ገና ልጅ ሳለች አንድ ተቆጣጣሪ ሊሸሽ በሞከረ ባሪያ ላይ የወረወረው ሁለት ፓውንድ የሚመዝን የሚዛን ብረት የእርሷን ራስ መታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜዋን ሁሉ በድንገት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ሕዝብ መርታ ያወጣችው እንዲህ የተጎዳች ሴት ናት። በሕመም ምክንያት ራሳችሁን ከአገልግሎት ያገለላችሁ ወገኖች፣ በዚህ ቦታ ቆም በሉ።

*ረግረጉን እዩት።* ፓርኩ ከብላክወተር የዱር እንስሳት መጠለያ ጋር ይዋሰናል። በመኪና የሚዞሩበት መንገድ አለው፤ ክፍያው አነስተኛ ነው። ራሰ ነጭ ንስር ለማየት ዕድል ይኖራችኋል። ሐሪየት በስድስትና በሰባት ዓመቷ ታማ ሳለች ለጸጉሩ የሚታደን የውሃ እንስሳ የተያዘበትን ወጥመድ ለመፈተሽ የተላከችው እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። የአባቷ ጎጆ የነበረበትንም ስፍራ አርኪዮሎጂስቶች በዚሁ መጠለያ ውስጥ አግኝተው በ2021 ይፋ አድርገዋል። በበጋ ከሄዳችሁ የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ።

*ካምብሪጅ ከተማ ቁሙ።* በሐሪየት ተብማን ሙዚየም ግድግዳ ላይ በ2019 የተሳለ ትልቅ ሥዕል አለ። ሐሪየት ከተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥ እጇን ዘርግታ ትታያለች። ትንንሽ ልጆች እጃቸውን በእጇ ላይ ሲያሳርፉ ፎቶ አንሧቸው።

አባት ዓይኑን የሸፈነበት ቀን

በጉዞው ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ታሪክ ነው። በ1854 የገና ዕለት ሐሪየት ሦስት ወንድሞቿን ልታወጣ መጣች። በወላጆቻቸው ቤት አጠገብ በእህል ማከማቻ ውስጥ ተደበቁ። አባታቸው ቤን ሮስ ምግብ አመጣላቸው፤ ሲሸኛቸው ግን ዓይኑን በመሐረብ አስሮ ነበር። አሳዳጆች ሲጠይቁት «ልጆቼን አላየሁም» ቢል ውሸት እንዳይሆንበት ነው። እናታቸው ጮኻ እንዳታጋልጣቸው አልተነገራትም። ለበዓሉ ምሳ ስትጠብቃቸው ልጆቿ በስንጥቁ አይተዋት ሄዱ። ሐሪየት በ1857 ተመልሳ ሁለቱንም ወላጆቿን አወጣች።

ከመካከላችን እናቱን ሳይሰናበት በሱዳን በረሃ የወጣ ስንት አለ? ባለቤቴ ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህን ታሪክ ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ልጃችን አባቷ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ያን ቀንም የሃያ ዓመት ታሪኩን ነገራት። እኔም እንኳ ያልሰማሁት ነበረበት።

ያ ጥያቄ

የፓርኩ ዳስ ውስጥ ምሳ ስንበላ ልጃችን ጠየቀች፦ «እማዬ፣ ባሏ ለምን አብሯት አልሄደም?»

ጆን ተብማን ነጻ ሰው ነበር። ሐሪየት ስታመልጥ እርሱ ቀረ። በ1851 ልብስ ገዝታለት ልትወስደው ተመለሰች። እርሱ ግን ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር፤ አልሄድም አላት። እርሷም ሌሎች ሰዎችን ይዛ ሄደች።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። «አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ፤ ትዳሩም በመንገድ ቀረ» አለ ቀስ ብሎ። እኔ «አልሄድም» ያልሁት ፈርቼ እንደሆነ፣ እርሱም «ልቅደም» ያለው ዕዳው አስጨንቆት እንደሆነ የተነጋገርነው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፍርፍሩ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰኞ ዕለት ለአሠሪዎቹ የሁለት ሳምንት ጊዜ ጠየቀ። ከዚያም አብረን ወሰንን፦ ልጃችን የትምህርት ዓመቷን እስክትጨርስ ማናችንም ብቻችንን አንሄድም፤ የምንሄድ ከሆነም ሁላችንም በአንድ መኪና። ያ ሥራ አመለጠ። ዕዳው አሁንም አለ። ማቀዝቀዣው ላይ የምንለጥፋት ወረቀት ግን የግዢ ዝርዝር ብቻ ሆናለች።

ለባለትዳሮች፦ በመንገድ ላይ ተነጋገሩ

1. ለትዳር ጓደኛችሁ እስከ ዛሬ ያልነገራችሁት የስደት ታሪክ አለ?
2. «አልሄድም» ወይም «አልቀርም» ያላችሁበት እውነተኛ ምክንያት ምንድን ነው?
3. ልጆቻችሁ ስለ እናንተ ጉዞ ምን ያውቃሉ?

በኢያሱ ዘመን እስራኤል ከዮርዳኖስ ድንጋይ አንሥተው ያቆሙት ልጆች እንዲጠይቁ ነበር። እናንተም ልጆቻችሁን ጥያቄ ወደሚያስጠይቅ ቦታ ውሰዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን መልሱን አብራችሁ አዘጋጁ።

ጌታ ጉዟችሁን ይባርክ።