ዕጣ ጣራ አይሆንም

ዶርዜ ወጥቶ በቀርከሃው ቤት ያልተደነቀ እንግዳ የለም። «ዝሆን ይመስላል» ይላል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይመለሳል። ቤቱ የሚያስተምረውን ግን ይዞት የሚወርድ አላየሁም። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የዶርዜ ቤት ያጥራል እንጂ ወዲያው አይፈርስም። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተጠራርቶ ይሸከመዋል። ቤቱ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፤ ሲቸግር ደግሞ የጎረቤት ትከሻ አይለየውም።

ከዚያው ተራራ ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ እንውረድ። በ1950ዎቹ ዋና ከተማነቱን ከጨንቻ የተረከበችው አርባ ምንጭ፣ ሴቻና ሲቀላ ተብላ በሁለት ሰፈር አድጋለች። አንድ ከደጋው የወረዱ አረጋዊ ሸማ ሠሪ በሁለቱም ሰፈር የኪራይ ቤት ሲፈልጉ ይዋሉ እንበል። ለመሆኑ ለእኚህ አባት በመንግሥት የታሰበላቸው ቤት የትኛው ነው?

«ኮንዶሚኒየም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች የተሻገረው የጋራ ቤት ግንባታ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የታቀደ መሆኑ ተደጋግሞ ተነግሮናል። ብዙ ሰው ቤት አግኝቶበታል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሆኖም ቤቱ ለሽያጭ የተሠራ ነው። ገዢው ቅድሚያ ክፍያ ያዋጣል፣ ዕጣ ይጠብቃል፣ ከወጣለትም ለዓመታት የባንክ ዕዳ ይከፍላል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለድሃው ተብሎ የተከፈተው የ10/90 ምዝገባ እንኳ የወር ገቢው ከ1,200 ብር በታች የሆነውን ሰው በየወሩ 187 ብር ቆጥብ ይለው ነበር። ከጣሪያው ላይ ላለው ሰው ይህ ከስድስት እጅ አንዱን ይጠጋል፤ ግማሹን ለሚያገኘው ደግሞ ሲሶውን ያህላል። የቆጠበ ዕጣ ይጠብቃል፤ መቆጠብ ያልቻለ ግን ከመዝገቡም የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደለምን?

ዕጣው ወጣላቸው እንበል። የባህላዊ ሸማ ሠሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ጉድጓድ ቆፍሮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ የሚቆፈረው የት ነው? ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል? ቤቱን አከራይተው ሌላ ሰው ጓሮ ቢጠጉ ማን ይፈርድባቸዋል? ለድሃ የተሠራው ቤት ድሃውን አከራይም ተከራይም አድርጎት አረፈ ማለት ነው።

«ታዲያ ወደ ቀበሌ ቤት እንመለስ?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ግን ጥፋቱን አርመን። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። ያ ርካሽ ኪራይ እስከ ዛሬ ስንቷን መበለት ከጎዳና አድኗል! ጥፋቱ የኪራዩ መርከስ አልነበረም፤ ጣራ ሲያፈስ የሚያድስ ባለቤት መጥፋቱ ነው። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅም ያለ ምክንያት የሚጨምረውን አከራይ ይገታ ይሆናል፤ አንዲት ክፍል ግን አይሠራም።

«ገንዘብ ከየት?» አትበሉን። ለኮንዶሚኒየሙ መሬትም የባንክ ብድርም ከሕዝብ ነው የወጣው፤ ያ ድጎማ የደረሰው መክፈል ለሚችለው ነው እንጂ። አርባ ምንጭ መሬቷን ለሊዝ ጨረታ ከማውጣቷ በፊት ጥቂቱን ታስቀር። ደጅ ያላቸው፣ ደረጃ የሌላቸው ተራ ቤቶች ትሥራ። ቤቶቹ አይሸጡ፣ ዕጣ አይጣልባቸው፤ ኪራያቸው በተከራዩ ገቢ ይወሰን፤ የሚሰበሰበውም ለእነርሱው እድሳት ይዋል። ማን ይግባበት የሚለውን ደግሞ ጋሞ በዱቡሻ እንደሚመክረው፣ ሴቱም የእጅ ባለሙያውም ባለበት በአደባባይ ይወሰን። ጎረቤት ድሃውን ከኮምፒውተር ይልቅ ያውቀዋል።

የዶርዜ ሰው የጎረቤቱን ቤት በትከሻው ተሸክሟል። አንድ ከተማ ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ይዞ ለአንድ ሽማግሌ አንዲት ክፍል መሸከም ካቃተው፣ እድገት የምንለው ነገር ከቶ ምንድን ነው?