ደረት መጫን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም

ልብ ስትቆም ደረትን በእጅ በመጫን ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል በ1960 እ.ኤ.አ. ካሳወቁት ሦስት ተመራማሪዎች አንዱ፣ ዊሊያም ኩዌንሆቨን፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። ነገሩ የፊዚክስም ጉዳይ ነውና። የአዋቂ ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ሊጫን፣ በየጊዜውም ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ ይገባል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቀውም። ስለሆነም የሕክምና ቡድን የሚጫነውን ሰው በየ2 ደቂቃው ይቀይራል፤ እጅ በተነሣ ቁጥር የደም ግፊቱ ይወድቃልና ቅያሬው ፈጣን ነው።

ከቦሌ ወደ አያት የተጠራ አምቡላንስ መገናኛ ላይ በመኪና ብዛት ሊያዝ ይችላል፤ ደም ያጣ አንጎል ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ስለዚህ ቅብብሎሹ ለሐኪሞች ብቻ ሊተው አይገባም እንላለን። ወደ 907 የሚደውል፣ የሚጫንና የሚተካ ሦስት ተማሪዎች በየክፍሉ ይኑሩ፤ ፋኩልቲያችንም ልምምዱን ከሜካኒክስ ቤተ ሙከራ ጎን ለጎን ያስተምር።