ወፍ ዋሻን ለባለቤቱ ስጡት!

አዲስ አበቤ ሁሉ እሑድ እሑድ የሚናፈስበት የመናገሻ ጥድ ዘሩ ከየት እንደመጣ ያውቅ ይሆን? አባቶች እንደሚያወሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያስመጡት ከወፍ ዋሻ ነው። ወፍ ዋሻ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ፣ ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና ባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለ ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላው እዚያ አለ። በዚያው በአንኮበር ገደል እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተመዘገበች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ስሟም የአንኮበር ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም።

ውኃውማ ሌላ ጉድ ነው! ተረተሩ ላይ የጣለ ዝናብ ወደ ምዕራብ ካዘነበለ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በደኑ ሸለቆዎች አልፎ የአዋሽ ነው። ደኑ ሲራቆት የሚጠማው እንግዲህ ጉሬዛው ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለው የቆላ ገበሬም ነው።

ለመሆኑ ጠባቂው ማነው? በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ‹‹የሕዝብ ነው›› ተብሎ የመንግሥት ሆነ። የመንግሥት የሆነ ነገር ደግሞ በኛ አገር ባለቤት የለውም። ዝግባው ተቆርጦ በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። ገበሬውን አንወቅሰውም፤ የኔ ለማይለው ነገር ማን ይሳሳል?

እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ ብንሻገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቆታል። (የትናንቱን የፖለቲካ ቄሮ አላልንም፤ የሣር ጠባቂውን ነው።) ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። በዝግ ጊዜ አጭዶ ቤቱን የከደነ፣ ቤቱ ይቃጠልበት ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ይህን አፈረሰው፤ ጓሳም ተጋጠ፣ ታረሰ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ገበሬው ራሱ ኮሚቴ አቁሞ መልሶ ያዘው፤ ክልሉም በ2000ዎቹ በሕግ አወቀለት። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አለ።

በ2015 ዓ.ም. ክልሉ በጦርነት ሲታመስ ምን አየን? የመንግሥት ቢሮ ይዘጋል፣ ሹሙ ይሸሻል። ገበሬው ግን የትም አይሄድም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ፈንዱ ሲያልቅ የሚበተን የፕሮጀክት ኮሚቴ አይደለም። ምክር ቤቱ ለመንዝ ያጸደቀውን ዓይነት ሕግ ለአንኮበር፣ ለጣርማ በርና ለባሶና ወራና ገበሬ ያጽድቅ። መቼ መዝጋት፣ ማንን መቅጣት፣ ከቱሪስቱም ስንት ማስከፈል እንዳለበት እሱ ይወስን። ለመንዝ የተፈቀደ ለአንኮበር የሚከለከልበት ምክንያት ካለ ባለሥልጣናቱ ይንገሩን፤ እናትማለን!