ሞኒተሩ «ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ብዕርና ካሜራ ይያዝ እንጂ ከኬብል ጋር ምን አገናኘው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። በላባችን ስክሪኑ የጠቆረ ወይም ጽሑፉ ተለጥጦ የደበዘዘ ኮምፒውተር ሲገኝ ወዲያው «አይሠራም» ተብሎ ይተዋል። ከዚያ አምስት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ተደራርቦ ገጽ ያቀናብራል። እንደ እኔ እምነት ግን ከእነዚህ ሞኒተሮች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞኒተር ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ማን እንደሆነና የትኛው ሪዞሉሽን እንደሚስማማው የሚገልጽ 128 ባይት መረጃ ይሰጣል። በቪጂኤ ኬብል ላይ ይህን መረጃ የሚያመላልሱት ከ15ቱ ፒኖች 12ኛውና 15ኛው ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከተጣመመ ምስሉ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን የተሰካበትን ሞኒተር አያውቀውም። በግምት፣ ብዙ ጊዜ 1024 በ768 አድርጎ ያሳየዋል። የግራፊክስ ድራይቨር ካልተጫነም ተመሳሳይ ችግር ይመጣል። ጭራሽ ከጠቆረ ደግሞ ኋላውን ማየት ነው፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ሆኖ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ምን አለበት፣ ይታይ የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ! 4 ለ3 የሆነ ምስል 16 ለ9 በሆነ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ የሰው ፊት በወርዱ በሲሶ ይሰፋል። ተማሪው ፎቶው የተበላሸ ይመስለውና ከግራ ከቀኝ ጨምቆ «ያስተካክለዋል»። ገጹ ሲታተም ሰውየው ከስቶ ይወጣል። ፎቶ ማዛባት የሥነ ምግባር ጥሰት ነው ብለን በክፍል እንማራለን፤ ላብ ገብተን ደግሞ ሳናውቀው እናዛባለን።

ቴክኒሻኑን መውቀሴ አይደለም፤ አንድ ሰው ለስንቱ ይዳረሳል? ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ እሱ ለተማሪ ከተሰጠ ቫይረስ ይገባል የሚለው ስጋትም እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ኬብሉን መንቀልና መልሶ መሰካት፣ ደህና ከሆነው ጋር ቀያይሮ መሞከር ማንንም አያስፈቅድም። ፕሮጀክተር ላይ ተሰክቶ የቆየ ኮምፒውተር ስክሪኑ ከጠቆረ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ፒን መጫን አንዳንዴ ይበቃል። ሪዞሉሽን መቀየርም የሚያስፈራ አይደለም፤ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ካላጸደቅነው ዊንዶውስ ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ስለዚህ ዲፓርትመንቱን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከገጽ ቅንብር ትምህርት የመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ለዚህ ትዋል። ድራይቨሩን ቴክኒሻኑ በሴሚስተሩ መጀመሪያ በሁሉም ላይ አንዴ ይጫንልን፤ ለላቡ ኃላፊም ሁለት መለዋወጫ ኬብል ይሰጠው።